አባቴን ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፦ ተቀምጠው የሚውሉ ወላጆችን ስለ ማስነሳት

አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በማተሚያ ቤት ቆሞ የሠራ ሰው ነው። በ75 ዓመቱ የሳንባ ምች ያዘውና ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ዳነ። ወደ ቤት ስናመጣው ግን እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳየው አንጀቴን በላው። ሲቀመጡበት ወደ ውስጥ የሚያሰምጥ ለስላሳ ወንበር ገዛሁለት። ከጎኑ ትንሽ ጠረጴዛ አቆምኩ፤ በላዩም የውሃ ጠርሙሱን፣ መድኃኒቱን፣ መነጽሩን፣ ስልኩንና የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ደረደርኩለት። «አባዬ፣ አንተ አትነሳ፤ የምትፈልገው ነገር ካለ ጥራኝ» አልኩት። ወር ሳይሞላ መጥራቱንም ተወ። የሚፈልገው ሁሉ እጁ ሥር ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቀን ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆየ። በሩን አንኳኳሁ። «ልጄ፣ ልነሳ ብል እግሬ ከዳኝ» አለኝ። ሕመም አልነበረውም፤ የሳንባ ምቹም አልተመለሰበትም። መነሳት ብቻ አቃተው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጣች። ከአባቴ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ እንደ ጨረሰች ዓይኗ ያረፈው በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ይህን ሁሉ እዚህ ያቀረበላቸው ማን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት፤ ምስጋና የጠበቅኩ ይመስለኛል። «ታዲያ እህቴ፣ አባባ ከዚህ ወንበር ለመነሳት ምን ምክንያት ቀራቸው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፏል። እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። ከእሷ የተማርኩትን፣ አንብቤ የተረዳሁትንና ከአባቴ ጋር በየቀኑ እየሞከርን ያገኘነውን በአንድ ደብተር ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። የምጽፈውም በተለይ እንደ እኔ ወላጆቻቸውን ከመውደዳቸው የተነሳ አስቀምጠው ለሚያኖሩ ልጆች ነው።

መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ይመዝግቡ

ባለሙያዋ አባቴን «በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» ብላ ስትጠይቀው «ሦስት፤ ቢበዛ አራት» አላት። መዋሸቱ አልነበረም። ሰው የሠራውን እንጂ የተቀመጠበትን ሰዓት አያስታውስም። በማግስቱ ደብተር ይዤ በየ15 ደቂቃው ምልክት አደረግኩ፤ «ተ» ተቀምጧል፣ «ቆ» ቆሟል፣ «ሄ» እየሄደ ነው። ማታ ስደምረው የተቀመጠበት ጊዜ 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሆነ። ቀኑን ሙሉ የተነሳው ዘጠኝ ጊዜ ነው፤ ከዘጠኙም አራቱን ክንዱን ይዤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሳይነሳ በአንድ ጊዜ የቆየበት ረጅሙ ጊዜ ደግሞ ከምሳ በኋላ የነበረው 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

አባቴ በዚህ የተለየ ሰው አይደለም። በመሣሪያ የተለኩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አረጋውያን በአማካይ በቀን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ በቃል ሲጠየቁ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ይናገራሉ።

እርስዎም አንድ ቀን እንዲሁ ይመዝግቡና ሦስቱን ቁጥሮች ያውጡ፦ ጠቅላላ የተቀመጡበት ሰዓት፣ የተነሱበት ብዛት፣ ሳይነሱ የቆዩበት ረጅሙ ጊዜ። ከሦስቱ እኔ አብልጬ የማየው ሁለተኛውን ነው። ሰዓቱን መቀነስ ወራት ይፈጃል፤ ዘጠኙን መነሳት አሥራ ሁለት ማድረግ ግን ነገ ይቻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። ተቀምጦ መዋልና ስፖርት አለመሥራት አንድ አይደሉም። ባለሙያዎች ተቀምጦ መዋል የሚሉት ሰው ነቅቶ ሳለ ተቀምጦ፣ ተደግፎ ወይም ጋደም ብሎ፣ ሰውነቱ በእረፍት ጊዜ ከሚያወጣው ጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ የማይበልጥ እያወጣ የሚያሳልፈውን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠዋት ግማሽ ሰዓት በእግሩ ሄዶ ከዚያ እስከ ማታ የሚቀመጥ ሰውም ተቀምጦ ዋለ ይባላል። «አባቴ እኮ ጠዋት ጠዋት ይሄዳል» ብሎ መዘናጋት የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ወንበሩ ምን ያደርጋል

የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር በእግር ደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ደም ወደ ላይ ይገፋል። ተቀምጠን ስንውል ይህ ግፊት ይቆማል፤ ደሙ ታች ይጠራቀማል፤ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። የአባቴ ካልሲ ማታ ማታ እግሩ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይወጣ የነበረው ለዚህ ነው። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ደግሞ በሰውነት ውስጥ ትልልቆቹ ናቸው፤ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። ሥራ ሲፈቱ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። አጥንትም ክብደት ካልተጫነው ይሳሳል።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። በ1953 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ ነበር። ተቀምጠው የሚነዱት ሾፌሮች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ እንደነበር አሳየ። ሠራተኞቹ የሚውሉት በአንድ መኪና ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይነሳል።

እኔን ግን ያስደነገጠኝ በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎችን ለአሥር ቀን አልጋ ላይ አስተኟቸው። በአሥር ቀን ብቻ ከእግሮቻቸው አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ። አባቴ ስምንት ቀን የተኛው ታሞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ስድስት ወር ሙሉ በወንበር አስቀጠልኩለት።

ከሁሉ የሚከፋው የፍርሃቱ አዙሪት ነው። እግር ሲደክም ሰው መውደቅን ይፈራል፤ ሲፈራ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ እግሩ ይብስ ይደክማል፤ እግሩ ሲደክም ደግሞ በእርግጥም ይወድቃል። ልጆቹም በፍርሃቱ ላይ «አትነሳ» የሚል ትእዛዝ እንጨምርበታለን።

ተስፋ የሰጠኝም ጥናት ነው። በ1990 በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት የእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ ሥልጠና ጀመሩ። በጨረሱት ሰዎች ዘንድ የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ባለሙያዋ ይህን ስትነግረን አባቴ «እኔማ ገና 76 ነኝ» አለ።

የ30 ሰከንዱ መለኪያ

ከመጀመርዎ በፊት የት እንዳሉ ይወቁ። የእጅ መደገፊያ የሌለው፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ ጋር አስደግፈው ያስቀምጡ። ወላጅዎ መሃል ላይ ይቀመጡ፤ ሁለቱንም እጆች ደረት ላይ ያጣምሩ፤ እግሮች መሬት ይርገጡ። «ጀምር» ሲሉ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ተመልሶ መቀመጥ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደቆሙ ይቁጠሩ። በእጅ ከተገፉ ውጤቱ ዜሮ ነው። እርስዎ አጠገብ ይቁሙ፤ የማዞር ስሜት ካለ ወዲያው ያቁሙ።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ መሠረት ከ65 እስከ 74 ዓመት ያለ ወንድ ከ12 በታች፣ ከ75 እስከ 79 ያለ ከ11 በታች፣ ከ80 እስከ 84 ያለ ከ10 በታች ካመጣ የመውደቅ ሥጋት አለበት። ለሴቶች ከ65 እስከ 69 ከ11 በታች፣ ከ70 እስከ 79 ከ10 በታች፣ ከ80 እስከ 84 ከ9 በታች ነው። ከ85 እስከ 89 ለሁለቱም ከ8 በታች።

አባቴ ዜሮ አመጣ። ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር። ባለሙያዋ «ይጻፍ፤ ነገ የምናወዳድረው ከምን ጋር ነው?» አለች። ጻፍኩት።

ጠረጴዛውን ማራቅ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህንን ይውሰዱ። ሰው የሚነሳው ተነሳ ስለተባለ አይደለም፤ የሚነሳለት ነገር ሲኖር ነው። እኛ ልጆች የሚነሱበትን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ከወላጆቻችን ላይ ወስደን ሳለ ተመልሰን «ለምን አትንቀሳቀስም?» እንላለን።

ነገሮቹን በአንድ ቀን አላነሳኋቸውም፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ የውሃ ጠርሙሱን አንስቼ ብርጭቆውን ወጥ ቤት አደረግኩት። በጠማው ቁጥር ይነሳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አረጋውያን ጥማት ቶሎ አይሰማቸውም፤ ስንፍና ይዞአቸው ውሃ መጠጣት እንዳይተዉ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ ለሁለት ሳምንት ቆጠርኩ። ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱን እመልስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱ ወደ ወጥ ቤት መደርደሪያ ሄደ፤ በቀላሉ የሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ ሳያጎነብስና ሳይንጠራራ። በሦስተኛው ስልኩ። ስልክ ሲጮኽ ሮጦ መነሳት ለመውደቅ ምክንያት ስለሚሆን ለዘመድ ሁሉ «ቶሎ ካላነሳ ደግማችሁ ደውሉ፤ ይመጣል» ብዬ አስታወቅኩ። መነጽሩን አልነካሁም። መነጽር ሳያደርግ የሚነሳ ሰው አልፈልግም።

በአራተኛው ሳምንት የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥኩት። አባቴ ተቆጣ። «ለምን ታሠቃዪኛለሽ? በዕድሜዬ ሙሉ ቆሜያለሁ፤ አሁን ማረፍ መብቴ አይደለም?» አለኝ። ሁለት ቀን በደንብ አላናገረኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከጎኑ ተቀምጬ የመጸዳጃ ቤቱን ቀን አነሳሁበት። «አባዬ፣ እኔ የምፈልገው ያን በር ከእንግዲህ እንዳላንኳኳብህ ነው» አልኩት። ዝም አለ። በመጨረሻ ተስማማን፦ ከቀትር በፊት መቆጣጠሪያው ከቴሌቪዥኑ ጋር ይሆናል፤ ማታ ደግሞ ከእሱ ጋር። ቀድሞውኑ ሳላማክረው ማንሳቴ ስህተት ነበር። የአዋቂ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃዱ አይነሳም።

ወንበሩንም ቀየርነው። ዝቅ ያለና የሚያሰምጥ ወንበር ለደከመ እግር ወጥመድ ነው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣና መነሳት በጣም ይከብዳል። ጥሩ ወንበር ሲቀመጡበት ዳሌ ከጉልበት እኩል ወይም ትንሽ ከፍ የሚልበት፣ እግር ሙሉ በሙሉ መሬት የሚረግጥበት፣ መቀመጫው ጠንከር ያለ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ እግርን ወደ ኋላ ለመሳብ የሚያስችል፣ የማይንሸራተት ነው። አዲስ መግዛት ግድ አይደለም። እኛ በአንድ ተራ ወንበር ላይ ጠንካራ ትራስ ጨምረን ከፍ አደረግነው፤ እግሩ እየጠና ሲመጣ ትራሱን አነሳነው።

አነሳሱ

እኔ አባቴን የማነሳው ክንዱን ይዤ በመጎተት ነበር። ትከሻውን አሳምሜዋለሁ፤ ወገቤንም ጎድቻለሁ። በክንድ አይጎትቱ። ከጎን ይቁሙ፤ እጅዎን ከታችኛው ጀርባ ላይ በቀስታ ያድርጉ፤ ሥራውን እሳቸው ይሥሩት።

ወደ ወንበሩ ጫፍ መጠጋት ይቀድማል፤ መቀመጫን ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ከዚያ ሁለቱን እግሮች በትከሻ ስፋት ከፍተው ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ እስኪሆን መሳብ። ቀጥሎ ከወገብ ወደ ፊት ማዘንበል፣ አፍንጫ በእግር ጣቶች አናት ላይ እስኪመጣ ድረስ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ክብደቱ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሊነሳ ይታገላል። ክብደቱ እግሩ ላይ ሲያርፍ ግን መቀመጫው ራሱ ከወንበሩ ይላቀቃል። የዚያን ጊዜ በእጆች መደገፊያውን ወደ ታች ገፍቶ ትንፋሽን እያወጡ መቆም። ትንፋሽ አይያዝ።

ሲቀመጡም ዘፍ ማለት የለም። የወንበሩ ጫፍ ከጭን ጀርባ ጋር እስኪነካካ ወደ ኋላ መጠጋት፣ መደገፊያውን መያዝ፣ በሦስት ቁጥር ቀስ ብሎ መውረድ። ቀስ ብሎ መቀመጥ ራሱ ለጭን ጡንቻ ትልቅ ልምምድ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ጊዜ የሚገኝ።

ከቆሙ በኋላ ወዲያው አይሂዱ። ሲቆሙ ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በአረጋውያን፣ በተለይም የግፊት መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች፣ ሰውነት ይህን ቶሎ ላያስተካክል ይችላል። ከመነሳት በፊት ተረከዝን አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከተነሱ በኋላ ወንበሩን ይዞ እስከ አሥር መቁጠር። በቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 የሚወርድ ከሆነ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ስንት ጊዜ? መቼ?

እኛ የያዝነው መመሪያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይነሱ አለመቆየት ነው። በስልክ ማንቂያ ሞክሬ ነበር፤ አባቴ ድምፁ የሆስፒታሉን ማሽን ያስታውሰኛል ብሎ ጠላው። ስለዚህ ቀድሞውኑ በቀኑ ውስጥ ባሉ ነገሮች ላይ አሰርነው። ዜና ሲጀምር ይነሳል፤ ሲያልቅ ይነሳል። ስልክ የሚያወራው ቆሞ ነው። ማስታወቂያ ሲመጣ እስከ መስኮቱ ሄዶ ይመለሳል።

ከሁሉ የሠመረልን ግን ጋዜጣው ነው። አባቴ በሥራ ዘመኑ የታተመውን ገጽ የሚያርመው በከፍተኛ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር። መሳቢያዎቹ ያሉበት ቁም ሣጥን ቁመቱ እስከ ክርኑ ይደርሳል፤ ጋዜጣውን እዚያ ላይ ዘረጋሁለት። ምንም ሳልለው ሄዶ ቆመና ማንበብ ጀመረ፤ እርሳስም ጠየቀኝ፤ የፊደል ስህተት ላይ ክብ ያደርግ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ቆመ። አሁን ሃያ ደቂቃ ይቆማል፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ። ወላጅዎ ቆመው ይሠሩት የነበረው ነገር ምን እንደነበር ያስቡ፤ መምህር ነበሩ? ልብስ ሰፊ? ነርስ? ሰውነት የለመደውን አይረሳም።

ከምግብ በኋላ ያለው ጊዜ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። በ2013 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ስኳራቸው ከፍ ማለት በጀመረ ሰዎች ላይ ከየምግቡ በኋላ 15 ደቂቃ መሄድ የቀኑን የስኳር መጠን እንዳሻሻለ አሳይቷል። እኛ በአምስት ደቂቃ ጀመርን፤ ከመኝታ ክፍል እስከ ውጭው በር፣ ደርሶ መልስ።

እርምጃ ስለ መቁጠር ብዙ አልልም። አሥር ሺህ የሚለው ቁጥር የመጣው በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው እንጂ ከሕክምና ጥናት አይደለም። አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ሴቶችን የተከታተለ በ2019 የወጣ ጥናት በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ያነሰ የሞት መጠን እንደነበራቸው፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን እንዳቆመ አሳይቷል። ማነጻጸር ካስፈለገ ከራስ የትናንት ቁጥር ጋር ይሁን።

ጡንቻና ሚዛን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛንን የሚጨምር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። ቁጥሩ አያስፈራዎት። ቀደም ሲል እንቅስቃሴው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት ይባል ነበር፤ የ2020ው መመሪያ ያን ትቶታል። ሁለት ደቂቃም ይቆጠራል።

እኛ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የወጥ ቤቱን ጠርዝ ይዘን እንለማመዳለን። ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ አርፎ አንድ ጊዜ መድገም። በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ከፍ ማድረግ፣ አሥር ጊዜ። ቀጥሎ ሚዛን፦ ሁለት እግር ገጥሞ መቆም፤ ይህ አሥር ሰከንድ ሲሞላ አንዱን እግር በግማሽ ወደ ፊት ማስቀደም፤ ከዚያ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አገናኝቶ መቆም። በመጨረሻው አቋም አሥር ሰከንድ መቆየት ያልቻለ ሰው የመውደቅ ሥጋቱ ከፍ ያለ ነው። እጅ ጠርዙን አይልቀቅ፤ ወደ አንድ ጣት ብቻ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል። ልምምዱ ትንሽ መክበድ አለበት፤ ካልከበደ ጡንቻው አይጠናም፤ እየሠሩ መናገር ካቃተ ግን በዝቷል።

መቆም የማይችሉ ወላጆች ያላችሁ አትዘኑ። ተቀምጦ ጉልበትን ዘርግቶ አምስት ቁጥር ማቆየት፣ ጭንን እያፈራረቁ ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ በሁለት እጅ መደገፊያውን ገፍቶ መቀመጫን ትንሽ ማላቀቅ፣ ሁሉም ሥራ ነው።

ከመጀመሪያው መነሳት በፊት ቤቱን ይመልከቱ፦ የሚታጠፍ ምንጣፍ፣ ወለል ላይ የተጋደመ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከኋላ ተረከዝን የማይዝ ነጠላ ጫማ፣ ሌሊት ጨለማ የሚሆን መተላለፊያ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም አጥንት የተሰበሩ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። የደረት ሕመም፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ በድንገት የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መወላገድ ካለ ሕክምና መሄድ ነው። የአንድ እግር ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመም እንዲሁ፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል እንዳያሹት።

ሥራ ይስጧቸው

«ተንቀሳቀስ» የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ አሁን አይነገርም። በእሱ ምትክ የአባቴ የሆኑ ሥራዎች አሉ። ጠዋት መጋረጃ የሚከፍተው እሱ ነው። አበቦቹን የሚያጠጣው እሱ ነው፤ በትንሽ ጣሳ ስለሚያጠጣ አራት ጊዜ ይመላለሳል። የደረቀ ልብስ ቆሞ ያጥፋል። ሲያጥፍ እንደ ወረቀት ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘ ነው፤ ከእኔ እጅግ ይሻላል። አንዳንዴ ሲዘገይ ሳየው እጄ ሊቀማው ይዳዳዋል። ይህ ፈተና የእሱ ሳይሆን የእኔ ነው። ሥራው ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ሃያ ደቂቃ ቆመ ማለት ነው።

ወደ ኋላ የሚመለሱበት ጊዜ ይመጣል። ባለፈው ዓመት አባቴ ጉንፋን ይዞት አምስት ቀን ሲተኛ የ30 ሰከንዱ ቁጥር ከ9 ወደ 6 ወረደ። በዚያ ጊዜም ቢሆን ትኩሳቱ በበረደለት ሰዓት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይበላ፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ ተደግፎ ይሄድ ነበር። ሲሻለው ካቆመበት ሳይሆን ከግማሹ ጀመርን፤ በአምስት ሳምንት ተመለሰ። ሆስፒታል መተኛት ከመጣ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነርሶቹን ይጠይቁ፦ «ከአልጋ ወርደው ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላሉ? መሄድስ ይችላሉ? ማን ይዞአቸው ይሂድ?» እኔ በዚያ ስምንት ቀን ውስጥ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እንለካለን። ደብተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች 0፣ 0፣ 2፣ 3፣ 5 እያሉ ይሄዳሉ። አሁን 79 ዓመቱ ነው፤ በዚህ ወር 9 ሆኗል። የዕድሜው ወሰን 11 መሆኑን ስለሚያውቅ አልተደሰተም። ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ዘረጋው፤ ቆሞ በራሱ እጅ 9 ብሎ ጻፈና ከጎኑ በእርሳስ «ትራሱ ሳይኖር» የሚል ጨመረበት።